ጓሳን ማን ጠበቀው?

ዛሬ ስለ አንድ ተራራ ላጫውታችሁ ነው። ተራራው ጓሳ ይባላል። የሚገኘው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ነው። በእግሬ ዞሬ አየሁት። የሄድኩት ግን ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። ጥያቄ ይዤ ነው የሄድኩት።

ጥያቄው የተነሣው በማስተምርበት ቀበሌ ነው። በቀበሌያችን አንድ የጋራ ኮረብታ አለ። ሁሉም ሰው ከብቱን የሚያሰማራው እዚያ ነው። አንድ ማታ ትምህርቱ አልቆ መብራቱን ልናጠፋ ስንል ክርክር ተነሣ።

አንድ ወጣት ተማሪ፣ «ኮረብታው ይታረስ። እኛ ልጆቹ መሬት የለንም። እስከ መቼ በአባቶቻችን ማሳ ላይ እንጠጋለን?» አለ።

አንድ ሽማግሌ ተማሪ ደግሞ፣ «ኮረብታው ከታረሰ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል። ከብቱስ ምን ይበላል? በሬ ከሌለ በምን ታርሳለህ?» አሉት።

አንዲት እናት ግን በሁለቱም ሳቁ። «የምን ሣር ነው የምትጣሉበት? አስበልታችሁ ጨርሳችሁት የለም እንዴ! የቀረው ድንጋይ ነው» አሉ።

ሦስቱም እውነት ነበራቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩና፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ምን ትላለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «መንዝ ውስጥ ሕዝቡ ራሱ የጠበቀው ተራራ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ሄጄ አይቼ ልንገራችሁ» አልኳቸው።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ደብረ ብርሃንን ያልፋል። እስከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ቀጥሎ ጣርማ በር ይደርሳል። ጣርማ በር ላይ ትልቁ መንገድ ተራራውን በዋሻ አቋርጦ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። እኔ ወደ ታች አልወረድኩም። ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደውን መንገድ ያዝኩ። መንገዱ በደጋው ላይ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ከመሐል ሜዳ ከተማ ሳልደርስ ጓሳ ላይ ወረድኩ።

ጓሳ ከፍ ያለ አገር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል። ሰው ትንሽ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል። እኔም አሥር እርምጃ እየሄድኩ እቆም ነበር። የመንዝ ሴቶች ግን እንጨት ተሸክመው እያወሩ አለፉኝ።

ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህም ርዝመቱ 10 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱም 10 ኪሎ ሜትር የሆነ መሬት ማለት ነው። በስተምሥራቅ ገደል ነው። በገደሉ አፋፍ ቆሞ ወደ ታች ለሚያይ የይፋት ቆላ ይታያል። ከዚያ ወዲያ የአፋር ሜዳ በጭጋግ ውስጥ ይጠፋል።

ያደርኩት ማኅበረሰቡ በሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ ነው። ሌሊቱ ብርድ ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ እንኳ እግሬ አልሞቀም። ሲነጋ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር።

ጭላዳና ቀበሮ

ጠዋት ከአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጋር ወጣን። ጎልማሳ ሰው ናቸው። በርኖስ ለብሰዋል፤ ዱላ ይዘዋል። እኔ «ጋሼ» እያልኩ ነው የምጠራቸው።

«ቀስ በል። አትሩጥ። ድምፅህንም ዝቅ አድርግ። አውሬ የሚያየው ተረጋግቶ የሚሄድ ሰው ነው» አሉኝ።

ፀሐይ ስትሞቅ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጡ። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው ገደል ላይ ነው። እዚያ ነብርም ጅብም በቀላሉ አይደርስበትም። ቀን ቀን ወደ ሜዳው ይወጣል። ምግቡ ሣር ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ ይበላል። ሣሩ ሲያልቅበት ሳይነሣ በመቀመጫው ሸርተት ይላል። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው። ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ ይታያል። በመቶ የሚቆጠሩ ጭላዳዎች ሜዳውን ሞሉት። ልጆቻቸው እየተሳደዱ ይጫወታሉ።

ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። «ያውልህ» አሉ።

በጭላዳዎቹ መካከል አንድ ቀይ እንስሳ ይሄዳል። እግሩ ረጅም ነው። ጉሮሮው ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። ቀይ ቀበሮ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አገር አይገኝም። በአገራችንም በጥቂት ደጋ ተራሮች ላይ ብቻ ነው ያለው። ያደጉት ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም።

አሁን ቀበሮው ልጆቹን ይበላል ብዬ ፈራሁ። ጭላዳዎቹ ግን አልሸሹም። ቀበሮውም ልጆቹን አላያቸውም። አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮውን አቁሞ መሬቱን ያዳምጣል። ከዚያ ዘለለ። አንገቱን ሲያነሣ በአፉ አይጥ ይዟል።

«የሱ ምግብ አይጥና ፍልፈል ነው። የሰው ገብስ የሚጨርሰውን ነው የሚበላልን» አሉ ጋሼ። «አልፎ አልፎ ግልገል ይወስድ የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ይወስዳል፤ አልዋሽህም። ግን ግልገል ከአንድ ጊዜ ሁለት ጊዜ ነው። አይጥ ግን በየቀኑ ነው» አሉኝ።

ይህን የጭላዳና የቀበሮ ጉርብትና ተመራማሪዎች እዚያው ጓሳ ላይ ተቀምጠው አጥንተውታል። ጥናቱ በ2007 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል። ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ 25ቱ ብቻ ይሳካለታል። በጭላዳ መካከል ሲያድን ግን 67ቱ ይሳካለታል። ምናልባት ጭላዳው ሣሩን ሲነጭ አይጡ ይደናገጥ ይሆናል። ምናልባትም አይጡ በጭላዳው ብዛት ቀበሮውን አይለየው ይሆናል። ቀበሮው የጭላዳን ልጅ ቢነካ ኖሮ በዚያው ቀን ይባረር ነበር። ስለማይነካ አብሮ ይኖራል።

ጥቂት ቆይቶ አንድ የእረኛ ውሻ እየጮኸ መጣ። ያን ጊዜ ጭላዳዎቹ በአንድ አፍታ ወደ ገደሉ ተወረወሩ። ሜዳው ባዶ ቀረ። ቀበሮውም አደኑን ትቶ ሄደ።

ጋሼ ተቆጡ። «አየህ? ውሻ ማባረሩ ብቻ አይደለም ክፋቱ። የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣባቸዋል» አሉ። ይህ እውነት ነው። በባሌ ተራሮች ይህ በሽታ ከአንድ ጊዜ በላይ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ገድሏል። በሽታው ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ ውሻን ማስከተብ ለቀበሮው ብቻ ሳይሆን ለልጆቻችንም ነው።

ጓሳ የተባለው ሣር

ተራራው ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው። ሕዝቡ ቤት ይከድንበታል። ገመድ ይገምድበታል። እረኛው ከዝናብ የሚጠለልበትን ገሳ ይሠራበታል። በድርቅ ዓመት ከብት የሚተርፈው በዚህ ተራራ ሣር ነው። ከተራራው የሚነሡት ምንጮች አንዱ ወገን ወደ አባይ፣ ሌላው ወገን ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ የተቆረጠ ጓሳ ቶሎ አያድግም። በየዓመቱ የሚታጨድ ከሆነ ይጠፋል።

ይህን የመንዝ አባቶች ከ300 ዓመት በፊት አውቀውታል። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች መሬቱን ተካፈሉ ይባላል። የነሱ ተወላጆች ጓሳን በሥርዓት ያዙት። አለቃ ይመርጣሉ። ተራራውን ይዘጋሉ። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማንም ሣር አያጭድም፤ ከብት አያሰማራም። በቂ ሣር ሲበቅል በበጋው ወር ይከፍቱታል። ሁሉም በአንድ ቀን ይገባል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ይወጣል። ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት በዓል ሲደርስ ተራራው ዝግ ነው። ሰርቆ የሚያጭድ በብርቱ ይቀጣል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። የርስት ሥርዓት ቀረ። የጓሳም የድሮ ሥርዓት አብሮ ፈረሰ። ያን ጊዜ የተደሰተ ነበር፤ ያዘነም ነበር። የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው በድሮው ሥርዓት መብት አልነበረውምና አዋጁ በር ከፈተለት። ነገር ግን ጠባቂም ጠፋ። ሁሉም የኔ ነው እያለ አጨደ፤ አሰማራ፤ ቁጥቋጦውን ለማገዶ ቆረጠ። ሣሩ ሳሳ።

በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ከያንዳንዱ ቀበሌ ሰው መርጦ ኮሚቴ አቋቋመ። አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አወጣ። በአዲሱ ደንብ ተጠቃሚው በቀበሌ ነው እንጂ በዘር አይደለም። ክልሉም ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው።

ያልተመለሰው ጥያቄ

የቀበሌያችን ወጣት የጠየቀውን ለጋሼ ጠየቅኋቸው። «የዚህ ልጆች እንረሰው አይሉም?»

ዱላቸውን ተደግፈው ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ይላሉ። እኔም በልጅነቴ ብያለሁ። የኔ ማሳ ያ ታች ያለው ነው። ውሃው የሚመጣው ከዚህ ነው። እዚህ ካረስኩ እዚያ አላርስም» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «ለልጁስ ምን ሰጠኸው ብትለኝ፣ እሱ ያስቸግራል። እኔ ጠባቂ ሆኜ ደመወዝ አገኛለሁ። ሁሉ ጠባቂ አይሆንም። ዝጋ ብቻ ብትለው አይሰማህም። ድርሻህ ይህ ነው ልትለው ይገባል» አሉኝ።

ወደ ቀበሌያችን ተመለስኩ። ያየሁትን ሁሉ ለክፍሉ ነገርኩ። 25ና 67 የሚሉትን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። የጋሼንም ቃል ሳልቀንስ ተናገርኩ።

ክርክሩ ሦስት ማታ ፈጀ። በመጨረሻ አንድ ነገር ለመሞከር ተስማሙ። የኮረብታው ሲሶ ለአንድ ክረምት ይዘጋል። የሚበቅለው ሣር በመስከረም መጨረሻ ይታጨዳል። ሣሩ የሚሰጠው መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ነው፤ ይሽጡት ወይም በግ ያደልቡበት። ጥበቃው በተራ ነው። እኚያ እናት፣ «ተራውን ወንድ ብቻ አይጠብቅ። ሣሩን የሚሰርቀውን የምናውቀው እኛ ነን» ስላሉ ሴቶችም ገቡበት።

ስምምነቱን የጻፉት ሽማግሌው ናቸው። ባለፈው ዓመት ፊደል አያውቁም ነበር። «ኮረብታ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አጥፍተው ጻፉት። ከሥሩ 31 ሰው በስሙ ፈረመ፤ 4 ሰው በጣቱ። ወጣቱ ግን አልፈረመም። «መጀመሪያ ሣሩን ልየው» አለ። ማንም አልተቆጣውም። የሚጠብቀው የመጀመሪያው ተራ ግን የሱ ሆነ፤ ራሱ ነው የጠየቀው።

ጓሳን የጠበቀው አጥር አይደለም። አጥር የለውም። የጠበቀው ሰዎች ተቀምጠው የተነጋገሩት ቃል ነው። ቃሉ ሲፈርስ ሣሩ ሳሳ፤ ቃሉ ሲታደስ ተራራው ጠባቂ አገኘ። የኛን ኮረብታ ነገር መስከረም ላይ እጽፍላችኋለሁ።

ተወያዩበት

1. በቀበሌያችሁ የጋራ መሬት አለ? ማን ይጠብቀዋል?
2. የድሮው የጓሳ ሥርዓት ጥቅሙ ምን ነበር? ጉድለቱስ?
3. ውሻችሁ ተከትቧል? ካልተከተበ ማንን ትጠይቃላችሁ?
4. ወጣቱ አለመፈረሙ ትክክል ነው ትላላችሁ? ለምን?