የአራተኛው ክፍል ንባብ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና እያፈሉ ሸክላ የሚሰሙ አራት ሰዎች አሉ። ባለቤቱ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ዋሽንግተን መሀል ከተማ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ሃያ ዓመት ሠርቷል። የጆን ኮልትሬንን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» የሰጠው አብሮት የሌሊት ተራ ይሠራ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ ሸክላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣና «ሥራ እየሠራህ አትስማው» ብሎት ሄደ።

ይህ ሸክላ አራቱን ሰዎች ሁልጊዜ ያከራክራቸዋል። መሐንዲሱ አይወደውም። «ጃያንት ስቴፕስ ላይ ኮልትሬን ያስባል፤ እዚህ ላይ ይሰብካል» ይላል። በተለይ የሚያናድደው የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ነው። ኮልትሬን ያችን የአራት ኖታ ሐረግ በየቁልፉ እያዞረ ካመላለሳት በኋላ የሸክላውን ስም በሰው ድምፅ ደጋግሞ ይላል። «ሳክስፎኑ ተናግሮ የጨረሰውን በአፍ መድገም ምን ይባላል?» ነርሷ ደግሞ ኮልትሬን ላይ ብዙም አትቆይም። ለእሷ ሸክላው የኤልቪን ጆንስ ነው። ሦስተኛው ክፍል በከበሮ ብቻ ሲጀምር ማንም ሰው እንዲያወራ አትፈቅድም። ከሌሊት ሥራ ስትወጣ መኪናዋ ውስጥ የምትሰማው ይህንኑ ክፍል ነው፤ ስለ ፍቅርም ስለ ጸሎትም አታወራም፤ «እንቅልፌን ያባርርልኛል» ትላለች፣ በቃ። ሦስተኛው በወጣትነቱ የጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ክላርኔት ይነፋ ነበር። እሱ የሚያነሣው ጌታቸው መኩሪያን ነው። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን ከሰው ጉሮሮ አውጥቶ ቴነር ሳክስፎን ውስጥ ያስገባ ሰው ነውና ቴነር በተነሣ ቁጥር ስሙን መጥራት ግዴታ ይመስለዋል። «አንዱ ይለምናል፣ አንዱ ይፎክራል» ይላል። ባለቤቱ ቡና ይቀዳል፤ አስተያየት አይሰጥም።

የመሐንዲሱን ቅሬታ እንዲሁ መጣል አይቻልም። ሸክላው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1964 ኒው ጀርሲ ውስጥ በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ በአንድ ቀን የተቀዳ ነው፤ ከ33 ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። ማኮይ ታይነር ፒያኖ፣ ጂሚ ጋሪሰን ቤዝ፣ ኤልቪን ጆንስ ከበሮ። ከዚያ ወዲህ ግን የተጻፈለት ውዳሴ ከሙዚቃው በላይ ከብዷል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በኮልትሬን ስም የተሰየመ ቤተ ክርስቲያን አለ። «ቤተ ክርስቲያን የተሠራለት ሰው ሸክላ ላይ እንዴት አድርጌ ሐሳብ ልስጥ?» ይላል መሐንዲሱ። ልክ ነው፤ አንድ ሥራ አስቀድሞ ቅዱስ ከተባለ ሰሚው ከመስማቱ በፊት ጫማውን ማውለቅ ይጀምራል።

ባለፈው ክረምት የባለቤቱ አባት ለዐይን ሕክምና ከደብረ ማርቆስ መጡ። መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ንባብ አስተምረዋል። ልጁንም ያስተምሩት ነበር። በዐሥራ አራት ዓመቱ ዳዊቱን ጥሎ፣ ደብተሩን ይዞ፣ አጎቱ ቤት አዲስ አበባ ገባ። አባትየው ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንሥተው አያውቁም፤ ልጁ ግን ቢቆጡት ይሻለው እንደነበር ለሚስቱ ነግሯታል።

ሐኪሙ የአንደኛውን ዐይን ሞራ ገፎ ሸፈነው፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ ዳዊት መድገም አልቻሉም። በማግሥቱ ጠዋት መጽሐፉን አውጥተው ለልጃቸው ዘረጉለትና «በል» አሉ። ከአርባ ዓመት በኋላ ፊደሉ አልጠፋውም፤ የጠፋው አነባበቡ ነው። የሚነሣውን ይጥላል፣ የሚወድቀውን ያነሣል። አባቱ መጀመሪያ አረሙት። በአራተኛው ቀን ማረሙን ተዉት፤ ዝም ብለው ይሰሙት ጀመር። ያ ዝምታ ነው የከበደው።

እሑድ ሲደርስ ጓደኞቹን እንዳይመጡ ሊላቸው አስቦ አባቱ ከለከሉት። «ቤትህ የሚደረገው ይደረግ፤ እኔ ጥግ እቀመጣለሁ።» የዚያን ዕለት የመምረጥ ተራው የነርሷ ነበርና የመረጠችው ያንኑ ሸክላ ነው። አባትየው ነጠላቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ምንም አላሉም። ሁለተኛው ላይ «ይኼ ሰው ተጣድፏል» አሉ። የነርሷ ከበሮ ሲመጣ «ገበያ ነው» ብለው ሳቁ፤ እሷም ሳቀች፤ መሐንዲሱ ደግሞ አጋር ያገኘ መስሎት ፊቱ በራ።

አራተኛው ክፍል ላይ ግን ቀና አሉ። እዚህ ላይ የሚቆጠር ምት የለም። ከበሮው ከሩቅ እንደሚሰማ ነጎድጓድ ይንከባለላል፤ ሳክስፎኑ ቀስ እያለ፣ እየቆመ ይሄዳል። ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ግማሹ ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ይኼ ዜማ አይደለም። ንባብ ነው። ምንድን ነው የሚያነበው?»

«ቃል የለውም አባባ። መሣሪያ ብቻ ነው የሚሰሙት።»

«ስማ እንጂ! ሲያነሣው አትሰማም? አሁን ወደቀ። ይኸው፣ ደግሞ እዚያው ላይ ወደቀ። ሐረግ ጨረሰ ማለት ነው።»

ማንም አልመለሰም። ባለቤቱ ተነሥቶ የሸክላውን ልባስ ከፈተ። ውስጡ ኮልትሬን ራሱ የጻፈው ለፈጣሪ የቀረበ ግጥም ታትሟል። ልጁ ሸክላው በእጁ ከገባ ጀምሮ አይቶታል፤ አንብቦ ግን ጨርሶት አያውቅም፤ ጌጥ ይመስለው ነበር። መርፌውን መልሶ አራተኛው ክፍል መነሻ ላይ አኖረና ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ተከተለ። ድምፁና ቃሉ አብረው ሄዱ፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ድምፅ ማለት ይቻላል። ምስጋና በሚያቀርብባቸው መስመሮች መጨረሻ ሳክስፎኑ ደጋግሞ ይወርዳል።

ይህ ለሙዚቃ አጥኚዎች አዲስ ነገር አይደለም። ኮልትሬን ራሱ ልባሱ ላይ ጠቆም አድርጎታል፤ ሉዊስ ፖርተር የተባለ ምሁር ደግሞ በ1980ዎቹ ቃልና ኖታ ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳይቷል። የኮልትሬን ሁለቱም አያቶች ሰባኪዎች ነበሩ፤ ያደገው ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ነው፤ ያ አወራረድ ከጥቁር ሰባኪዎች ጉሮሮ የመጣ ነው። መሪጌታው እንዲህ ያለ ሰባኪ ሰምተው አያውቁም። ክላርኔት ነፊው ወዲያው የአፍሪካ ደም ነው ማለት ጀምሮ ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ ደም አላሉም። ዓረፍተ ነገር የት እንደሚያልቅ በጆሯቸው ያውቃሉ፤ ሥራቸው ነው።

መሐንዲሱ ተሸነፍሁ አላለም። «እንዲያውም እኔን ነው ያገዙኝ» አለ፤ «መጨረሻ ላይ ግጥሙን ያለ አፍ ማንበብ ከቻለ መጀመሪያው ላይ በአፉ ምን አስለፈለፈው?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እስካሁን መልስ አላገኘም። ነርሷ ለአባትየው ግጥሙን ወደ አማርኛ ልትመልስላቸው ሞከረች፤ ጥቂት እንደሄደች አስቆሟት። «ገብቶኛል» አሉ። «ጥሩ አንባቢ ነው። አይቸኩልም። እነዚያን ፊተኞቹን ግን ባይጫወታቸው ይሻል ነበር።»

በማግሥቱ ጠዋት ልጁ ዳዊቱን ዘረጋ። ከሌላው ቀን ይልቅ ቀስ ብሎ ጀመረ። ሦስተኛው መስመር ላይ አባቱ ከተሸፈነው ዐይናቸው ሥር ጉንጫቸውን እያሻሹ አስቆሙት።

«እዚያ ላይ አንሣው።»

አነሣው።

«ቀጥል።»