ማንም ያላየው ፋይል



እንፍራንዝ ባደግሁበት ቤት ቆርቆሮው ላይ አንዲት የምስማር ቀዳዳ ነበረች። ፀሐይ በዚያች ስትገባ በጨረሩ መስመር ላይ ያለው አቧራ ብቻ ይታያል፤ ሌላው ጨለማ ነው። ኢብኑል ሀይሠም በ11ኛው ክፍለ ዘመን ብርሃንን የመረመረው በጨለማ ክፍልና በቀዳዳ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው።

ዛሬ ከአገር ርቄ ለማስተርስ ጥናቴ የምጠቀምበት ኮንፎካል ማይክሮስኮፕም ምሥጢሩ ቀዳዳ ነው። ሌዘሩ ሕዋሱን ያበራል፤ ከትኩረቱ በላይና በታች የሚመጣውን ብርሃን ጠባቧ ቀዳዳ ታስቀረዋለች። ስለዚህ ሕያው ሕዋስ ሳይቆረጥ አንድ ስስ ገጹ ጥርት ብሎ ይታያል።

የማየው የልብ ጡንቻ ሕዋስን ካልሲየም ነው። ሕዋሱ ሲያርፍ በውስጡ ያለው ነፃ ካልሲየም ከውጭው 10,000 ጊዜ ያህል ያንሳል። ልብ በመታች ቁጥር ከፍ ይላል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ከዚያ ይወርዳል። ፍሉዎ-4 የሚባለው ቀለም ካልሲየም ሲይዝ አረንጓዴ ይደምቃል። በ1993 እ.ኤ.አ. በልብ ሕዋስ ውስጥ ጥቃቅን የካልሲየም ብልጭታዎች የታዩት በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው።

ባለፈው ረመዳን፣ ሪፖርት ላቀርብ ሦስት ቀን ሲቀረኝ፣ ምስሉ ቢደበዝዝብኝ የሌዘሩን ኃይል ጨመርሁ። መድኃኒት የሰጠኋቸው ሕዋሶች ቦግ አሉ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ለኢፍጣር ሄድሁ። በማግሥቱ ለማነጻጸሪያ ያስቀመጥኋቸውን፣ መድኃኒት ያልነካቸውን ሕዋሶች በዚያው ኃይል ሳያቸው እነሱም ቦግ አሉ። ካልሲየሙን ከፍ ያደረገው መድኃኒቱ ሳይሆን ሕዋሶቹን የሚጎዳው የእኔው መብራት ነበር።

ሁለተኛውን ፋይል ከእኔ በቀር ያየው ሰው አልነበረም። መሰረዝ አንድ ጠቅታ ነው። ያን ቀን ጾሜን ውዬ ነበር፤ ውኃ ብጠጣስ ማን ያየኝ ነበር? ከተራዊሕ በኋላ ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ።

ጧት ሁለቱንም ፋይሎች ለአማካሪዬ አሳየኋቸው። «መጀመሪያ ማየት የነበረብህ ይህን ነው» አሉኝ። ሪፖርቱን ያለ ውጤት አቀረብሁ፤ አፈርሁ። ከዚያ ሌዘሩን ቀንሼ እንደ ገና ጀመርሁ። አሁን ያልታከሙት ረግተው ይቆያሉ፤ ከታከሙት ጥቂቶቹ በትንሹ ይደምቃሉ። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ግን አምነዋለሁ።

እናንተም ጋ ኮንፎካል ባይኖር ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ የለም። ከእሱ ጀምሩ፤ ያሳፈራችሁንም ውጤት መዝግቡ፤ አማና ነውና። አላህ ዕውቀታችንን ጠቃሚ ያድርግልን። አሚን።