ብራቾው ሲሰበር

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቻምበርስ ሮድ ከኢሊፍ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ያለ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ የወንድሜ መኪና ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተላተመች። የፊት ቀኝ ጎማዋ ተንጠልጥሎ ቀረ። በዚያ ክረምት ሦስተኛ ስብራቷ ነበር።

ወንድሜ 13 ዓመቱ ነው። መኪናዋ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የምታህል፣ በሪሞት የምትነዳ የእሽቅድምድም መኪና ናት። አሻንጉሊት ካላችኋት ይቀየማችኋል። ከሰፈሩ ልጆች ጋር የውኃ ጠርሙስ እየደረደሩ መንገድ ይሠሩና እስኪመሽ ይወዳደራሉ።

ሁልጊዜ የሚሰበረው ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው። እኛ የምናውቀው «ኤ-አርም» የሚለውን ስም ብቻ ነበር። አባቴ ሌሊቱን ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ አድሮ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። ዓይኑን ሳይገልጥ «ብራቾ ነው» አለ። በወጣትነቱ መርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሸጧል። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ያው ክንድ ነው። ወንድሜ በአማርኛ ሲያናግሩት በእንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ ነው። ያን ቀን ግን ማንም ሳያስገድደው «ብራቾ፣ ብራቾ» እያለ ወደ ክፍሉ ገባ።

ቀጥሎ የመጣው ጥፋት የእኔ ነው። «ፕላስቲኩን ተወውና አልሙኒየም ግዛ» አልኩት። ለገና ያገኘውን 40 ዶላር አውጥቶ ገዛ። በዚያው ሰሞን ባትሪውንም ከ7.4 ቮልት ወደ 11.1 ቀየረ። ቮልቴጁ አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱም በዚያው ልክ ገደማ ይጨምራል፤ የግጭቱ ጉልበት ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ያድጋል። ይህን ያሰላሁት ከተሰበረች በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ግጭት አዲሱ ብራቾ ጭረት እንኳ አልነካውም። እሱን የያዘው ፔርኖ ጎበጠ፤ የፊት ዲፈረንሻሉ የሚቀመጥበት ቤት ለሁለት ተሰነጠቀ። ዕቃው ብቻ 70 ዶላር። ወንድሜ አልጮኸም፣ እኔንም አልወቀሰኝም። መኪናዋን አልጋው ሥር ከተታትና ሦስት ሳምንት ሙሉ አላወጣትም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያወጣት አባቴ ነው። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ፣ በካቻቢቴ ብሎኗን አንድ በአንድ ፈታና የተሰነጠቀውን አሳየን። «ይሄ ምት የሆነ ቦታ መድረስ አለበት። ብራቾው አልሰበርም ካለ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። በ10 ዶላር ይሰበር ወይስ በ70?» የሚነዳት መኪናም እንዲሁ ናት፤ ስትጋጭ ፊቷ የሚጨማደደው ሰውየው እንዲተርፍ ነው። የመርሴዲሱ መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ ያሰበው ይህ ሐሳብ በ1959 እ.ኤ.አ. ለገበያ በቀረበ መኪና ላይ ወጥቷል።

እንደገና ፕላስቲክ ገዛን፤ ሆኖም የኮሎራዶ ክረምት ለፕላስቲክም አይመችም። አብዛኛው ብራቾ ናይለን ነው። ናይለን ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ብስኩት ይሰባበራል። የእኛ አገር አየር ደረቅ ነው፣ ብርዱ ሲጨመርበት ይብሳል። ተወዳዳሪዎች መላ አላቸው፦ አዲሱን ብራቾ ለግማሽ ሰዓት ያህል ውኃ ውስጥ ይቀቅሉታል። እኔም ለፈተና እያጠናሁ ድስት ጣድኩ። እማዬ ክዳኑን ከፍታ «ፕላስቲክ ነው የምትቀቅዪው?» አለች። ድስቱ ከዚያ ወዲህ የመኪናዋ ሆኖ ጋራዥ ውስጥ ይኖራል።

መጋቢት ላይ ተመለስን። አባቴ መተኛት ሲገባው ጃኬቱን ደርቦ መጣ። በሦስተኛው ዙር መኪናዋ ከጠርዙ ጋር ተጋጨች። ወንድሜ ከወዲያ ማዶ «አባዬ፣ ብራቾው!» ብሎ ጮኸ። አንድ ፔርኖ አውጥተው፣ የተቀቀለውን ትርፍ አስገብተው እስኪያስሩ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ውስጧ ደህና ነበር።

በቀጣዩ ውድድር ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው ልጅ መኪና ዙሪያዋን አልሙኒየም ነበረች። አባቴ ጠጋ ብሎ አያትና ምንም ሳይል ተመለሰ።