ቅዳሜን ብቻዬን

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጫማዬን ሳስር፣ የአልጋ ጎረቤቴ ከላይኛው አልጋ አንገቷን አውጥታ «ከማን ጋር ነሽ?» አለችኝ። እኔም «ከማንም ጋር» አልኋት። ይህ ጥያቄና ይህ መልስ በመካከላችን ሁለት ዓመት ሙሉ የተደጋገመ ስለ ሆነ እንደ ሰላምታ ቈጥረነው ነበር። በዚያ ቀን ግን ጥያቄው በዚያ አልቆመም፤ የሆነውን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ይህን የምጽፈው እርሷን ለማስረዳት ነው ብል ከእውነት ብዙ አልርቅም። ነገር ግን ከእርሷ ሌላ በሻይ ጠረጴዛ ዙሪያ ሆነው «ኮርታለች፣ ሰው ንቃለች» የሚሉኝ እንዳሉ ስለምሰማ፣ ለሁሉም አንድ ጊዜ በዚህች በኅብረታችን መጽሔት መልስ መስጠቱ ትንፋሽ ይቈጥባል።

ነገሩ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። እንደ ብዙዎቻችሁ ግጥም እጽፍ ነበር። መጻፍ ብቻ አይደለም፤ ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን ለስድስት ባልንጀሮቼ አነብ ነበር፤ እነርሱም ያጨበጭቡልኝ ነበር። ከጊዜ ብዛት የሚያጨበጭቡበትን ቦታ ዐወቅሁት። «እናት» የሚል ቃል ሲመጣ ይተክዛሉ፤ «አገር» የሚል ሲመጣ ይነሣሉ። ስለዚህ እናትንና አገርን በየአራት ስንኙ ማስገባት ጀመርሁ። እነርሱ ከልባቸው ነበር የሚያጨበጭቡት፤ ልብ ያነሰው ከእኔ ዘንድ ነው።

ከእነዚህ ግጥሞች አንዱን ለአንድ መምህራችን አሳየሁ። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው «ቆንጆ ነው፤ የማን ነው?» አሉኝ። «የኔ ነው» ብል፣ «የእጅ ጽሕፈቱማ ያንቺ ነው» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ያህል አንድ ስንኝ እንኳ አልወጣልኝም። ባልንጀሮቼ ሲጠይቁኝ «ፈተና ደርሷል» እል ነበር። ፈተናውም አለፈ፤ ስንኙ ግን አልመጣም።

ብቻዬን መውጣቴን ዐቅጄው የመጣ ነው እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል። በኅዳር ወር ከአራት ባልንጀሮቼ ጋር ሀገር ፍቅር ቴአትር ለመግባት ተቀጣጥረን፣ አንዱ ራሱን አሞት፣ አንዷ ዘመድ መጥቶባት፣ ሁለቱ ደግሞ ያለ አንዳች ምክንያት ቀሩ። እኔ ፒያሳ ደርሼ ነበር። ያን ጊዜ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ገና አልፈረሱም ነበርና ጥቂት ወዲያና ወዲህ ስል ቆየሁ። ከዚያም የመጣሁበትን የታክሲ ገንዘብ አስቤ ወደ ትኬት መሸጫው መስኮት ቀረብሁ። «አንድ ብቻ?» አለችኝ ሻጯ። ያቺን «ብቻ» እስካሁን አልረሳኋትም። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል በሚባልበት አገር፣ አንድ ትኬት መግዛት ማለት ለሰው ፊት የለኝም ብሎ እንደ መፈረም ያለ ነገር ነው።

ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በማኅበር ስም ሲቋቋም፣ ጠላት ሊወርረን በደፍ ላይ ሳለ ሕዝቡን ለማነሣሣት ነበር። ይህን ከመጽሐፍ ዐውቀው ነበር። እዚያ የተማርሁት ግን ከመጽሐፍ አይደለም። ከጎኔ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ እሳቸውም እንደ እኔ ብቻቸውን ነበሩ። በቴአትሩ መካከል አንዲት ቤት ሠራተኛ ሳህን እየጣለች፣ ስትጠራ እየተደናገረች አዳራሹን በሣቅ ታፈርሰዋለች። እኔም ልሥቅ አፌን ከፈትሁ። እኒያ እናት አልሣቁም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እንዲህ ነበርሁ» አሉ።

ዳግመኛ ወደ መድረኩ ስመለከት ሌላ ቴአትር ሆኖ አገኘሁት። ያችው ልጅ፣ ያው ሳህን፣ ያው ሣቅ ነው፤ ነገር ግን አሁን የማየው የልጅቱን እጅ ነበር። ባልንጀሮቼ መጥተው ቢሆን ኖሮ እሥቅ እንደ ነበር በእርግጥ ዐውቃለሁ። እነርሱ መጥፎ ሰዎች ስለ ሆኑ አይደለም። ሰው ከወዳጆቹ ጋር ሲቀመጥ ዓይኑን ግማሽ ለመድረኩ፣ ግማሽ ለወዳጆቹ ፊት ያካፍላል፤ ቀልዱ ሲመጣ አስቀድሞ የሚያየው የወዳጁን ጥርስ ነው። እኔ ደግሞ ከሌላው ሰው ይልቅ እንዲህ ነኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ምሥጢሩን ያገኘሁ መስሎኝ፣ ደብተር ይዤ ብሔራዊ ቴአትር ሄድሁ። ይህ ሕንፃ ጣልያኖች ለሲኒማ ብለው ጀምረውት የነበረ፣ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ተጠናቆ የተመረቀ ነው፤ በደጁ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ የማያውቅ የለም። እኔ ግን ስለ ዕለቱ ተውኔት ልነግራችሁ የምችለው ከሌላው ሁሉ ያነሰ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ በጨለማ ስጽፍ ነበርና። አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ መታገሥ አቅቷቸው «እኅቴ፣ ለቍጥጥር ነው የመጣሽው?» አሉኝ። ወጥቼ በመብራት ሳየው ጽሕፈቱ አይነበብም፤ የተነበበውም «ብርሃን — ቀይ — ወንበር» የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ደብተሩን ለመመለሻው ታክሲ አድርጌዋለሁ፤ ስልኬንም እዘጋለሁ።

አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ይህን ልማዴን ሰምቶ «ይኸማ ተጽፏል» ብሎ አሳየኝ። ጁሊያ ካሜሩን የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የፈጠራ ሥራ የሚሠራ ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻውን ወጥቶ ልቡ የወደደውን እንዲያይ ትመክራለች። የራሴ ግኝት የመሰለኝ ነገር እኔ ሳልወለድ ታትሞ ማየቴ ጥቂት አስቀየመኝ። ይሁን እንጂ ደራሲዋ በሚኒባስ ውስጥ «ብቻሽን ነሽ እንዴ?» የሚል ረዳት፣ ወይም ሳይጋበዝ ከጠረጴዛሽ ቀርቦ «ሰው ትጠብቂያለሽ?» የሚል ጎልማሳ አላጋጠማት ይሆናል። ወንዶች አንባብያን ይህን ልብ አድርጉልኝ፤ ለእናንተ ብቻ መውጣት ማለት መውጣት ብቻ ነው። እኔ የምመርጠው የስምንትና የዘጠኝ ሰዓቱን ትርኢት ነው፤ ለማታው ስንቱን መልካም ነገር እንደ ተውሁ የማውቀው እኔ ነኝ።

ገንዘብ የለም የምትሉ አትቸገሩ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሮች ኮንሰርት ሲያቀርቡ፣ የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች በዓመቱ መጨረሻ ሥራቸውን ሲያሳዩ፣ የጀርመንና የፈረንሳይ የባህል ተቋሞች ዐውደ ርእይ ሲከፍቱ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ እግር ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን የራሳችን ግቢ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው በተሰጠው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ በገናውንና መሰንቆውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ይዞ ተቀምጧል። እኔ በዚያ ደጅ አንድ ዓመት ተኩል በየቀኑ ወደ ክፍሌ ሳልፍ አንድ ቀን አልገባሁም ነበር።

አሁን ስለ ሥዕሉ ልንገራችሁ። ከስድስት ኪሎ አደባባይ ብዙ ሳይርቅ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ። ገብረ ክርስቶስ ሐረር የተወለደ፣ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና የብራና ሠዓሊ የነበሩ፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመረውን የሳይንስ ትምህርት ትቶ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሥዕል የተማረ፣ ተመልሶም ያስተማረ፣ ገጣሚም የሆነ ሰው ነው። በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኦክላሆማ በስደት ሞተ። በጀርመን ቀርተው የነበሩ ሠላሳ ያህል ሥዕሎቹ በ2000 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው ነው ማዕከሉ የተከፈተው።

መጀመሪያ የገባሁ ቀን አንድ ቀይ የበዛበት ረቂቅ ሥዕል ፊት ቆሜ ምንም አልተሰማኝም። ሰው ባይኖር ኖሮ እተወው ነበር፤ ጠባቂው ስለሚያየኝ ግን የገባኝ ሰው መስዬ አምስት ደቂቃ ያህል ቆምሁ። ብቻዬን ሆኜ እንኳ ተመልካች ፈልጌ ነበር ማለት ነው! በዚህ ተናድጄ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለስሁ። በሦስተኛው ጊዜ ተቀመጥሁ። በአራተኛው ጊዜ፣ ሥዕሉ ምን ማለት ነው ብዬ መጠየቄን ትቼ፣ ቀዩ ከየት እንደሚጀምር ዓይኔ ሲከተለው ዐርባ ደቂቃ ማለፉን ሰዓቴ ነገረኝ። ያን ዕለት በመመለሻዬ የጻፍሁት ግጥም ስለ ሥዕሉ አይደለም፤ እሳቸው «እንዲህ ነበርሁ» ስላሉት እናት ነው። እናት አለበት፤ ማንም ግን አላጨበጨበለትም። ለመምህሩ ሳሳያቸው የማን ነው ብለው አልጠየቁም፤ ሁለት ቃል አስወጡኝ።

እንዲህ ስል ግጥም ከቴአትር ቤት በትኬት የሚገዛ እንዳይመስላችሁ። እስከ ዛሬ ስልሳ ያህል ቅዳሜዎችን ወጥቻለሁ፤ ለማሳየት የማላፍርባቸው ግጥሞች ሦስት ናቸው። ከስልሳው ደግሞ ቢያንስ ዐሥሩ ቀን ያየሁት ነገር ፈጽሞ አሰልቺ ነበር፤ በአንዱ ትርኢት እንቅልፍ ወስዶኝ አስተናባሪው ነው የቀሰቀሰኝ።

ከሁሉ የከፋውና ከሁሉ የተሻለው ቀን በግንቦት 2016 ዓ.ም. ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ አዝማሪ ቤት ያሳለፍሁት ነው። ገና ዐሥራ አንድ ሰዓት ስለ ነበር ቤቱ አልሞላም። አንዲት አምቦ ውኃ አዝዤ፣ ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ በጥጉ ተቀመጥሁ። አዝማሪው መሰንቆውን ቃኝቶ፣ አንዱን ሲያወድስ ሌላውን ሲወጋ ዞሮ ዞሮ ከፊቴ ቆመ፤ እንዲህም አለ፦

ብቻዋን ተቀምጣ ደብተር የታቀፈች፣
ምን ትጽፍበታለች ሰውን ያላቀፈች።

ቤቱ በሣቅ ተናጋ። ሰሙን ሁሉም ሰምቶታል፤ እኔም ከፀጉሬ እስከ አንገቴ ቀላሁ። ሽልማቱን ግንባሩ ላይ ለጥፌ ወጣሁ፤ የሣቁብኝም መሰለኝ። ወርቁ የገባኝ ከመኝታ ክፍላችን ደርሼ ለአልጋ ጎረቤቴ ስነግራት ነው። እርሷ እንባዋ እስኪፈስ ሣቀች፤ ከዚያ ዝም አለች። እኔም ዝምታዋን ሳልጠይቃት ተኛሁ።

ያን ቤት ለማየት «በሚቀጥለው ሳምንት» እያልሁ ክረምቱ አለፈ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ቤቱም ፈረሰ። የታወቀው የፈንድቃ የባህል ማዕከልም በዚያው ዓመት ከሠፈሩ ተነሣ። በጥር ወር ሄጄ የቤቱን ደጃፍ ለመለየት ሞከርሁ፤ መንገዱ ራሱ ሌላ መንገድ ስለ ሆነ አቃተኝ። አዝማሪው የት እንደ ሄደ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ ደብተሬ ግን በእጄ ነበር።

ወደ ጥቅምቱ ቅዳሜ ልመለስ። «ከማንም ጋር» ስላት የአልጋ ጎረቤቴ ከላይ እንዲህ አለችኝ፦ «ያ አዝማሪ እኮ ነግሮሻል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ነይ ሳትይኝ ቀረሽ። ሒሳብ አያያዝ የሚማር ሰው ዓይን የለውም?» ቀልዳ መስሎኝ ቀና ብል ፊቷ አይቀልድም። እንዳትመጣ የፈራሁት ቀልዱ ላይ ጥርሷን ስለማይ ነው ብዬ ላስረዳት ጀመርሁ። አፌ ላይ ሳለ ግን ለእኔ ሁለት ዓመት ልክ የነበረው ነገር ለእርሷ ሲነገር ስድብ ሆኖ ተሰማኝ። «እንግዲያው ተነሺ፣ እንሂድ» አልኋት። «አልመጣም» አለች፤ «እኔም ብቻዬን እሄዳለሁ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ እርሷ ወደ ገብረ ክርስቶስ ማዕከል ሄደች፤ እኔ ወደ ሀገር ፍቅር። እኔ ቀድሜ ተመለስሁና ሻይ አፍልቼ ጠበቅኋት። አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ገባች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ የአልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ቀዩን አየሁት» አለች።

«እሺ?»

«ከታች በኩል፣ በቀኝ፣ ቀዩ የተፋቀበት ቦታ አለ። ከሥሩ ሌላ ቀለም ይታያል። አይተሽዋል?»

እኔ ከዚያ ሥዕል ፊት ስድስት ጊዜ ቆሜያለሁ። አላየሁትም። ሻዩን ቀዳሁላትና ሌላ ምን እንዳየች ጠየቅኋት፤ እስከ አምስት ሰዓት ስታወራ ነበር።