ኤኮው ከማን ዘንድ ነው?

«ድምፄ ተመልሶ ይመጣብኛል» ትለኝ ነበር እማዬ፣ ከጎንደር በኢንተርኔት ስትደውል። እኔም እንደ አዋቂ «ኤኮ ነው፤ ስልክሽ አርጅቷል» እላታለሁ። አዲስ ስልክ ገዝቼ ላክሁላት። ኤኮው ግን አልለቀቃትም።

«ኤኮ» እኛ ጋ ብዙ ሥራ የተጫነበት ቃል ነው። ሰርግ ላይ ዘፋኙ ሚክሰር ላይ ወደተቀመጠው ልጅ ዞሮ «ኤኮ ጨምርልኝ» ሲል፣ የሚፈልገው ድምፁ ሰፋ፣ ሞላ እንዲልለት ነው። የድምፅ ባለሙያዎች ይህን «ሪቨርብ» ይሉታል፤ ከግድግዳና ከጣሪያ የተመለሱ ብዙ ድምፆች ተደራርበው ሲሰሙ ማለት ነው። ኤኮ በጥብቅ ትርጉሙ ግን የገደል ማሚቶ ነው፤ የተናገሩት ቃል ዘግይቶ፣ ለብቻው ተለይቶ ሲመለስ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ 170 ሜትር ርቆ ካለ ገደል ፊት ብትጮኹ፣ ማሚቶው ከ1 ሰከንድ በኋላ ይመልስላችኋል።

ስልክ ላይስ ገደሉ ማን ነው? ይህን የተማርኩት መሥሪያ ቤት የድምፅ ጥሪ ያለው አፕ ስንሠራ ነው። የደዋዩ ድምፅ በአድማጩ ስፒከር ይወጣል፤ የአድማጩ ማይክ መልሶ ይቀበለውና ወደ ደዋዩ ይልከዋል። ሶፍትዌሩ በስፒከር የወጣውን ድምፅ ማይኩ ከያዘው ላይ ቀንሶ ሊያጠፋው ይሞክራል። ስፒከሩ በጣም ከጮኸ ግን ሊያመልጠው ይችላል። በአጭሩ፣ የራሳችሁን ድምፅ ከሰማችሁ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ከወዲያኛው ሰው ዘንድ ነው።

ኮዱን ትቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እማዬ ስትደውል ላፕቶፔ ላይ አነሳና፣ በትልቁ ስፒከር ለቅቄያት፣ ሥራዬን ሳላቋርጥ «እሺ… እሺ እማ» እላት ነበር። ገደሉ እኔ ነበርኩ።

የዚያን ዕለት ማታ ራሴ ደወልኩ፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ።

«ዛሬስ ድምፄ አይመለስም» አለችኝ።

«ስልክሽ አልነበረም እማ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እየሠራሁ ነበር የማዋራሽ።»

«እሱንማ መች አጣሁት! ስትጽፍ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኝ የለም እንዴ? ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ነው እንጂ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «በል፣ ዛሬ እንኳ አንተ አውራኝ።»