ጉለሌ ያጣው መግቢያ ነው

የአዲስ አበባው ጉለሌ ክፍለ ከተማ አረንጓዴ ቦታ የለውም ሲባል አልስማማም። ከላይ የእንጦጦ ተራራ አለ፤ የከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ብቻውን 705 ሄክታር ይዞ እስከ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ይዘልቃል። ከታች ደግሞ ቀጨኔን የመሳሰሉ ወንዞች መንደሮቹን እየሰነጠቁ ይወርዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ፣ የከተማ ነዋሪ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሚሆን አረንጓዴ ቦታ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲያገኝ ይመክራል። የወንዝ ዳር ነዋሪ በካርታ ቢለካ ይህን የሚያገኝ ሊመስል ይችላል። በእግር ሲሞከር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቤቶቹ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተዋል፤ በቆርቆሮ አጥሮች መካከል የሚያልፈው ቀጭን መንገድ ገደል አፋፍ ላይ ያበቃል፤ ከታች ፌስታል የተንጠለጠለበት ቁጥቋጦና ከመጸዳጃ ቤት የሚወርድ ቱቦ ይታያል። ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት አስፋልት ላይ ነው።

“አረንጓዴ ቦታ ሰው ከገባበት ይጠፋል” የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ስጋታቸውን አልንቅም። ግን የእንጦጦ ጽድና ወይራ የተመናመነው ሰው እየተናፈሰ ስለሄደበት አይደለም፤ አዲሲቷ ከተማ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ስለፈለገች ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ የመጣውም ይህንኑ ችግር ለመፍታት ነበር። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶች ለተራራው በእግራቸው መንገድ አውጥተውለታል። ማንም ፕላን ላይ ያላሰፈራቸው እነዚያ መንገዶች የትኛው ቁልቁለት እንደሚያስኬድ፣ የትኛው ሰፈር ከጫካው ጋር እንደሚገናኝ ይናገራሉ። ወንዙ ዳር ደግሞ ተቃራኒው ሆኗል፦ ማንም የማይሄድበት፣ ማንም የማያየው ስለሆነ ቆሻሻ መጣያ ሆነ።

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ይበቃል የሚልም ይኖራል። ፓርኩ ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ታክሲ ተይዞ ለእረፍት ቀን የሚወጡበት ቦታ፣ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ ደርሰው የሚቀመጡበትን የሰፈር ጥግ አይተካም። ይህ ጥግ ወንዝ ዳር ሲሆን የክረምት ጎርፍ አደጋው እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ መቀመጫው ውሃው ከሚደርስበት በላይ ይሁን፣ በከባድ ዝናብም ወደ ወንዙ መውረጃው ይዘጋ።

የምጠይቀው ትልቅ ግንባታ አይደለም። አዲስ አበባ መንደሮቿን ኮብልስቶን ያነጠፉ ወጣቶች አሏት። በየወንዙ ዳር የተዘጉትን መተላለፊያዎች ከነዋሪው ጋር ለይቶ፣ የቱቦዎቹን ፍሳሽ አስቀድሞ አስተካክሎ፣ ድንጋይ ደረጃና መደገፊያ ማበጀት ይቻላል። የመጀመሪያው ደረጃ ከቀጨኔ ይጀመር።