«መጠየቅ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

ተማሪዎቼን ግራ የሚያጋቡት የእንግሊዝኛ ቃላት ረጃጅሞቹ ይመስሏችኋል? አይደሉም። ሦስት ፊደል ብቻ ያላት «አስክ» ትብሳለች። ትርጉሟን ሁሉም ያውቃል፤ «ጠየቀ» ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው።

እዚህ ደጀን «አጎቴን ጠየቅሁት» ብትሉ ሰሚው ሁለት ነገር ሊገባው ይችላል። ወይ ጥያቄ አቅርባችሁለታል፣ ወይ ታሞ ስኳርና ሙዝ ይዛችሁ ሄዳችሁ አይታችሁታል። አንድ ልጅ ይህን ሁለተኛውን ሊጽፍ ፈልጎ «አይ አስክድ ማይ ሲክ አንክል» ብሎ አመጣልኝ። ሰዋስው ላይ እንከን የለውም። ፈረንጅ ቢያነበው ግን «ምን ብለህ ጠየቅኸው?» ማለቱ አይቀርም። እዚያ ቦታ የሚገባው «ቪዚት» ነው። እናንተ ሳትሄዱ ደህንነቱን ከሌላ ሰው መጠየቅ ደግሞ «አስክ አፍተር» ይባላል። እኛ ግሡን አንድ አድርገን ስሙን ለየነው፦ «ጥያቄ» ሌላ፣ «ጥየቃ» ሌላ። እነሱ ግሡን ራሱን ለያዩት።

እስቲ የ«አስክ»ን ዘመዶች በተራ እንያቸው።

«አስክ» ለሁሉም ትሆናለች፤ የምትለየው ከኋላዋ በምትከተላት ትንሽ ቃል ነው። «አስክ አባውት» ስለ አንድ ነገር ለማወቅ፣ «አስክ ፎር» አንድ ነገር እንዲሰጧችሁ።

«ሪኩዌስት» የቢሮና የደብዳቤ ቃል ነው፣ አክብሮት አለው። ልብ በሉ፦ ግሥ ሲሆን «ፎር» አይከተለውም። «ፎር» የሚመጣው ስም ሲሆን ነው።

«ኢንኳየር» መረጃ ማጣራት ነው። «ቤግ» መለመን፣ መማጸን ነው።

«ዲማንድ» ግን መብት ወይም ጉልበት ያለው ሰው ቃል ነው። «እምቢ እንዳትለኝ» የሚል ቃና አለው።

ይህን ሁሉ ያስነሳኝ ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር የላከልኝ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ነው። «ቲቸር፣ ከነገ ወዲያ ይዘጋል፣ እባክዎ ይዩልኝ» ይላል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ የቤተሰቡን ኑሮም አውቃለሁ፣ ይህ ዕድል ለእሱ ቀልድ አይደለም። እያነበብኩ መጨረሻው ላይ ስደርስ «አይ ዲማንድ ዚስ ስኮላርሺፕ» ይላል!

ልጁ በልቡ የጻፈው «በትህትና እጠይቃለሁ» ነው። ለ«ጠየቀ» ከተደረደሩት ቃላት ውስጥ ከበድ የሚለውን መረጠ፣ የተማረ ያስመስላል ብሎ። የሚያነበው ሰው ግን ልቡን አያየውም። የሚታየው ጠረጴዛ እየደበደበ «አምጡ!» የሚል ሰው ነው። የሚገርመው፣ «ዲማንድ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፤ በፈረንሳይኛ ግን «ደማንዴ» እስከ ዛሬ ተራ «መጠየቅ» ነው። ቃሉ ቤት ሲቀይር ጠባዩንም ቀየረ።

«አይ ሪስፔክትፉሊ ሪኩዌስት» ብለን አስተካክለነው በሰዓቱ ገባ። ውጤቱን እየጠበቅን ነው።

ፈተና ላይ «ተመሳሳይ ቃል ምረጥ» ሲባል የለመድነው ነገር ነው ይህን የሚያመጣው። ተመሳሳይ ማለት እኩል ማለት አይደለም። የትኛው ቃል ለማን፣ የት ቦታ እንደሚባል ካላወቅን ትርጉሙን መሸምደድ ብቻውን አያድነንም። በአማርኛ እኮ ይህን ማንም አያስተምረንም፤ ለሽማግሌ «እለምንዎታለሁ» የሚባለውንና ለባለዕዳ «ገንዘቤን!» የሚባለውን አናምታታም።

ከቃሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ክፍል ውስጥ «ጥያቄ ያለው?» ስል ዝምታ ነው። ደወል ሲደወል ግን ሦስት አራቱ በር ላይ ይጠብቁኛል። ያልገባቸው ነገር ነበረ ማለት ነው፤ በሰው ፊት መጠየቅ ከበዳቸው እንጂ።

ደግሞም ቃሉ እኛ ዘንድ ከባድ ነው። በጥንቱ ችሎት ተሟጋች ባላጋራውን «ተጠየቅ!» እያለ ነበር የሚገጥመው። ዛሬም ያጠፋ ሰው «ተጠያቂ» ነው። እንግሊዝኛው ይህንኑ ሐሳብ ከመልስ ያወጣዋል፣ «አንሰረብል» ይላል፤ መልስ የሚሰጥ እንደማለት። እኛ ጋ መጠየቅ ራሱ ክስ ክስ ይሸታል። ልጅ ታላቁን ሲጠይቅ «ደፋር» የሚባለው አንድም ከዚህ ይመስለኛል። ተማሪዬ «አስክ»ን ትቶ «ዲማንድ» ጻፈ፤ ብዙዎቻችን ደግሞ «አስክ»ን እንደ «ዲማንድ» ቆጥረን እንፈራታለን።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ጠይቁ። እዚሁ ኮሜንት ላይም፣ በውስጥ መስመርም ይሆናል። ማመልከቻ የምታስገቡ ደግሞ አደራ፣ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ሳይሆን ሳምንት ቀደም አድርጋችሁ ላኩልኝ።

አባይን ተሻግራችሁ አዲስ አበባ የገባችሁም፣ ወደ አገር ቤት ስትመጡ አውቶቡሱ ደጀን ላይ ለምሳ ሲቆም ብቅ ብላችሁ ጠይቁን። ይህኛው «ቪዚት» ነው።